ማግኔቱ የነካው ትከሻ

አባቴ አንድ ቦታ አይረጋም። ዕድሜውን የከተማ አውቶቡስ ሲነዳ የኖረ ሰው ነው፤ ጡረታ ወጥቶ እጁ መሪ ሲያጣ እግሩ ሥራውን ተረከበው። ጠዋት ከፈረንሳይ ለጋሲዮኑ ቤታችን ወጥቶ ሽቅብ ወደ እንጦጦ ይያያዘዋል። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ቁልቁል ወርዶ መገናኛ ደርሶ ይመለሳል። እናቴ «የት ዋልክ?» ስትለው «እዚሁ ነበርኩ» ይላታል። እኔም በዚህ ነገር የወጣሁት እሱን ነው። ታክሲ ውስጥ ስቀመጥ ጉልበቴ አርፎ አያውቅም። መንገድ ሲዘጋጋ ወርጄ በእግሬ እቀጥላለሁ፤ ከመገናኛ ሲ.ኤም.ሲ፣ ተከራይቼ እስከምኖርበት ቤት ድረስ፣ ባቡሩ በጎኔ እያለፈኝ ስንት ጊዜ እንደተጓዝኩ እኔ ነኝ የማውቀው።

ክረምቱ እንዳለፈ አባቴ ቀኝ ጎኑን እየያዘ «ከበደኝ» ማለት ጀመረ። ሁለት ጉርሻ ሳይጎርስ ይጠግባል። ሱሪው ወገቡ ላይ አልቆም አለ። እናቴ እየጎተተች ሀኪም ቤት ወሰደችው። አልትራሳውንድ ያነሳችው ወጣት ሀኪም ስክሪኑን ደጋግማ አየችና ጉበቱ ላይ አንድ ነገር እንዳለ ነገረችን፤ ምንነቱን ለመለየት ግን ኤምአርአይ መነሳት አለበት አለች። ለኤምአርአይ ወረፋ አለ። ለሚቀጥለው ሳምንት ተቀጠርን።

«አንድ ነገር» የሚባለው ቃል ቤታችን ገብቶ ተቀመጠ። እናቴ ማልዳ ተነስታ ራጉኤል ትሳለማለች፤ ስትመለስ አባቴ የለም፣ እሱ ሲመጣ እሷ ጎረቤት ናት። እኔ ክፍል ውስጥ እያስተማርኩ ግማሹን ቀመር ሰሌዳ ላይ እጽፍና ቀሪው ይጠፋብኛል። ተማሪዎቼ ዝም ብለው ይጠብቁኛል።

ይህን ሁሉ ያባሰው ደግሞ የእኔ ሥራ ነው። በማስተምርበት ዩኒቨርሲቲ አንዲት ጠባብ ላብራቶሪ አለችን። እዚያ ከብረት ኦክሳይድ በጣም ደቃቅ የሆነ ብናኝ እንሠራለን። ደቃቅ ስል ዱቄት ማለቴ አይደለም፤ በዓይን ቀርቶ በተለመደው ማይክሮስኮፕ የማይታይ፣ አንዲት የደም ሴል ከጎኑ ብትቆም ተራራ የምታክልበት ነው። ውሃ ውስጥ ሲሆን ጥቁር ቀለም ይመስላል። ሐሳቡ ለመናገር ቀላል ነው። የካንሰር መድኃኒት በደም ስር ሲሰጥ የታመመውንም ጤነኛውንም ይመታል፤ ፀጉር የሚረግፈው፣ አንጀት የሚታወከው ለዚህ ነው። መድኃኒቱን በዚህ ብናኝ ላይ አጣብቀን ወደ ደም ብንለቀው፣ ከዚያ ከሰውነት ውጭ ሆነን በማግኔት እየሳብን ወደ ታመመው ቦታ ብንነዳውስ? በብዙ አገር ሰዎች ይህን ይሞክራሉ። እኛም በአቅማችን እንሞክራለን። መከራው ያለው እዚህ ላይ ነው፦ ደም ይሮጣል፣ የማግኔት ጉልበት ደግሞ በራቀ ቁጥር ይደክማል። ከቆዳ ሥር ያለውን መሳብ ይቻላል፤ ጥልቅ ያለውን ግን እንጃ።

እኛ ሰው ላይ አንሠራም። አይጥ ላይ እንኳን ገና አልደረስንም። ሥራችን በመስታወት ቱቦ ነው።

እናቴ ግን «ልጄ በሰው ገላ ውስጥ የሚሄድ ብረት ትሠራለች» ብላ ለሰፈሩ ካወራች ቆይታለች። የአባቴ ነገር ከተሰማ ወዲህ ጎረቤቶቻችን ሰላምታ ሲሰጡኝ ዓይናቸው ይጠይቀኛል። እሷም አንድ ቀን ጓሮ ልብስ እያሰጣች፣ ፊቷን ሳትመልስ፣

«ያንቺ ነገር ለአባትሽ አይሆንም?» አለችኝ።

«አይሆንም እማዬ። ገና ነው። በቱቦ ነው የምንሞክረው።»

«ሰውስ ያው ቱቦ አይደል?»

ልብሱን ተቀብያት አብሬያት ማስጣት ጀመርኩ።

አባቴ ይህን ከየት ሰምቶ እንደነበር አላውቅም። ለኤምአርአይ ሁለት ቀን ሲቀረው «ዛሬ ሥራ ቦታሽ ልሂድ። ልየው» አለኝ። ከዚያ በፊት ጠይቆኝ አያውቅም። ቤት ከምንቁለጨለጭ ይሻላል ብዬ ይዤው ወጣሁ።

የተሳፈርንበት ሚኒባስ ሹፌር ቸኳይ ነበር። መንገዱ ለኮሪደር ልማት በየቦታው ተቆፍሯል፤ በአንዱ ጥግ እግረኛ፣ በሌላው ድንጋይ የሚያራግፍ መኪና። አባቴ ከሹፌሩ ኋላ ተቀምጦ መጠምዘዣ በቀረበ ቁጥር ቀኝ እግሩ የሌለ ፍሬን ይረግጣል። ወለሉ ላይ ጫማው ሲጫን እሰማለሁ።

ላብራቶሪ ስንደርስ አብሮኝ የሚሠራው ጓደኛዬ ፓምፑን ሲያስተካክል ነበር። ከመቀመጫው ተነስቶ «አባባ፣ እንኳን ደህና መጡ» ብሎ እጅ ነሳው። አባቴን ሰዓቱን፣ ስልኩንና ቀበቶውን አስወለቅኩት። ኪሱንም አስፈተሽኩት። ቁልፍ አውጥቶ ሰጠኝ።

ከጠረጴዛው ላይ ያለው ነገር ሲታይ የሚያስደንቅ አይደለም። ከእስክሪብቶ የሚቀጥን የመስታወት ቱቦ አለ፤ መሐል ላይ ሲደርስ እንደ መንታ መንገድ ለሁለት ይከፈላል። ውስጡ ደምን እንዲመስል ወፈር ያለ ፈሳሽ ይሄዳል። ከአንዱ ቅርንጫፍ ጎን ሽቦ የተጠመጠመበት ማግኔት ቆሟል። ኤሌክትሪኩን ስንለቅበት ማግኔት ይሆናል፣ ስናጠፋው ያው ብረት ነው። ጓደኛዬ ጥቁሩን ፈሳሽ በመርፌ ጨመረ። እንደ ክር ቀጥኖ መጣና መንታው ላይ ሲደርስ ለሁለቱም ቅርንጫፍ እኩል ተከፈለ።

«አሁን እይ» አልኩትና ማብሪያውን ጠመዘዝኩ። ጥቁሩ ክር ወደ ግራ አዘነበለ። ቀስ እያለ፣ ከዚያ በአንዴ፣ አብዛኛው በግራው በኩል ገባ። ቀኙ ጠራ።

አባቴ አጎነበሰ። «ማነው የሚነዳው?»

«እኔ ነኝ። በዚህ።»

«መንገዱን ያውቀዋል?»

«አያውቀውም። እሱ ከፈሳሹ ጋር ይሄዳል፣ ማግኔቱ ነው የሚያዞረው።»

«ፍሬኑስ?»

«ፍሬኑም ማግኔቱ ነው። እዚያ ሲደርስ ይይዘዋል፤ ሲጠፋ ይለቀዋል።»

«መብራት ሲሄድስ?»

«ያኔ እኛ እንበሳጫለን፣ እሱ ደስ ወዳለው ይሄዳል» አለ ጓደኛዬ። አባቴ ሳቀ። ከስንት ቀን በኋላ ሲስቅ አየሁት።

ደስ ብሎኝ ሌላውንም ላሳየው ፈለግኩ። ኤሌክትሪክ የማይፈልግ፣ በተፈጥሮው ኃይለኛ የሆነ ማግኔት አለን፤ ከቡጢ ይተልቃል፣ በእንጨት ሳጥን ተሸፍኖ ይቀመጣል። እሱን ከቱቦው ሥር ስናስጠጋው ብናኙ እየተሰበሰበ ግድግዳው ላይ እንደ ጥቁር ጸጉር ይቆማል። ሳጥኑን አመጣሁና አስጠጋሁት። አባቴ ጸጉሩ ሲበቅል በደንብ ለማየት በጎን ዞሮ ጠረጴዛው ላይ ተደገፈ፤ ግራ ትከሻውን ወደ ሳጥኑ ዝቅ አደረገ።

ወዲያው ቀና አለ። እጁን ከአንገቱ ኋላ አሳልፎ ትከሻውን ጨበጠ።

«ነከሰኝ» አለ።

«ምኑ?»

መርፌ ቁልፍ ልብሱ ላይ ተሰክቶ ይሆናል ብዬ ሹራቡን ዳሰስኩት፤ ኮሌታውን ገለበጥኩ። ምንም የለም። ሱፍና ጨርቅ ብቻ። ጓደኛዬ ቀና ብሎ አየኝ፤ እሱም ያሰበውን እኔም አስቤዋለሁ። ማግኔት ጨርቅ አይስብም። ሥጋም አይስብም።

አባቴ ቀበቶውን ማጥለቅ ጀመረ። «እንሂድ። እናትሽ ትጠብቃለች።»

ስንመለስ ጠየቅኩት። በመስኮት እያየ «ጡንቻ ነው፤ ሲያረጁ ይነክሳል» አለኝ። ደግሜ ጠየቅኩት። «አንቺ ልጅ፣ ተዪኝ እስቲ።» መገናኛ ላይ እሱን ፈረንሳይ የሚሄድ ታክሲ ውስጥ አስገብቼ እኔ ቀረሁ።

ቆሜ መቆየት አልቻልኩም። ወዴት እንደምሄድ ሳላውቅ ከሕዝቡ ጋር ተራመድኩ። ኤምአርአይ ማለት ሰውን ማግኔት ሆድ ውስጥ ማስገባት ነው። ያ ማግኔት የእኛን የሳጥን ማግኔት መጫወቻ የሚያስመስል ነው፤ ደግሞ ሌት ተቀን አይጠፋም። ሰውነት ውስጥ የተቀበረ ብረት ካገኘ ይስበዋል፣ ያዞረዋል። ብረቱ ሥጋ ውስጥ ከሆነ ያመው ይሆናል። ዓይን አጠገብ፣ ደም ስር አጠገብ ከሆነ ግን ሌላ ነው። ለተማሪዎቼ ይህን በየዓመቱ አስተምራለሁ። አባቴ ከነገ ወዲያ ጠዋት እዚያ ማሽን ውስጥ ሊተኛ ነው፣ ትከሻውን ደግሞ የሆነ ነገር «ነክሶታል»።

ወደ ላብራቶሪ ተመለስኩ። ከመሳቢያ ውስጥ ሳንቲም የምታክል ደካማ ማግኔት አነሳሁና ፀሐይ ሳትጠልቅ ፈረንሳይ ደረስኩ።

አባቴ የአጥሩን በር ማጠፊያ እየቀባ ነበር። እናቴ በረንዳው ላይ ሰፌድ ታቅፋ ምስር ትለቅማለች።

«አባዬ፣ ሸሚዝህን አውልቅ።»

«ለምን?»

«አንድ ጊዜ ልየው።»

ያወልቃል ብዬ አልጠበቅኩም። ብሩሹን ቆርቆሮው ላይ አስቀመጠ፣ እጁን ጠረገ፣ ቁልፉን አንድ በአንድ ፈታ። ጀርባውን ሰጥቶኝ ቆመ። ግራ ትከሻው ላይ ያለችውን ጠባሳ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃታለሁ። የአውቶቡስ በር ዘግቶበት ነው ይባል ነበር። ማግኔቷን ጠባሳው ላይ አስቀመጥኩና እጄን አነሳሁ።

አልወደቀችም።

ከጀርባው ላይ ተለጥፋ ቆመች። ሲተነፍስ አብራው ከፍ ዝቅ ትላለች። እናቴ ሰፌዱን ይዛ ተነሳች፤ ምስሩ በአንድ ጎን ፈሰሰ፣ አላየችውም።

«ምንድነው የያዛት?»

«ፍንጣሪ ነው» አለ አባቴ፤ ወደ አጥሩ እንደዞረ። «የሞርታር።»

ወታደር እንደነበረ እናውቃለን። በደርግ ጊዜ በሰሜን ነበርኩ ይላል፣ ከዚያ አያልፍም። መቁሰሉን ግን ማናችንም አልሰማንም።

«በር ነው ያልከኝ» አለች እናቴ።

«በር ማለት ይቀለኝ ነበር።»

«ስንት ዘመን አብሬህ ተኝቼ...» አለችና አልጨረሰችም። ወርዳ ምስሩን መሰብሰብ ጀመረች። ጠጠሩንም ምስሩንም አብራ ስትሰበስብ አየኋት።

ማግኔቷን ላንቀሳቅሳት ወደ አንገቱ ትንሽ ገፋ ሳደርጋት «እዚያ አይደለም፣ ተዪ» ብሎ ትከሻውን አሸሸ። ነቅዬ ኪሴ ከተትኳት።

«ሀኪሟ ብረት አለብዎት ወይ ብላ አልጠየቀችህም?»

«ጠይቃኛለች።»

«ምን አልካት?»

«የለብኝም አልኳት።»

«አባዬ፣ ለምን?»

«ካልኳት ያወጡታላ።»

ለምን እንዳይወጣ እንደፈለገ አልገባኝም፤ ለመጠየቅም ጊዜ አልነበረኝም። ወደ ምርመራ ማዕከሉ ደወልኩ። ስልኩን ኤምአርአይ የምታነሳዋ ባለሙያ ራሷ አነሳች። ነገሩን ነገርኳት። «በጠዋት አምጪውና መጀመሪያ ራጅ እናንሳው። ወደ ማሽኑ ክፍል ግን በሩንም አያልፍ» አለችኝ።

በራጁ ላይ የአባቴ ትከሻ ነጭ ነጥብ የተረጨበት ነበር። የራጅ ሀኪሙ በእስክሪብቶው ጫፍ እያሳየ አስረዳን። «እነዚህ ትልልቆቹ ችግር የላቸውም፣ ሥጋ ለብሰዋል። ይቺ ናት።» ከሁሉም ያነሰችው፣ የምስር ፍሬ የማታክል፣ አንገቱ ሥር ከትልቁ ደም ስር አጠገብ ተቀምጣለች። «ማሽኑ ውስጥ ቢገቡ ኖሮ ትዞር ነበር። ስትዞር ምን እንደምትቆርጥ አላውቅም» አለ፤ ደግሞም «ማወቅም አልፈልግም» ብሎ ፊልሙን አወረደ።

«ታወጡታላችሁ?» አለ አባቴ።

«አባት፣ እኛ አንነካትም። እዚያው ትኑር። ጉበትዎን በሲቲ ስካን እናየዋለን፤ ሲቲ ማግኔት የለውም።»

አባቴ ትንፋሹ ሲወጣ ሰማሁት። ጉበቱን ረስቶታል።

ሲቲው በማግስቱ ተነሳ። ውጤቱን ለመስማት ግን መጠበቅ ነበረብን። ያንን መጠበቅ እቤት ውስጥ ማድረግ አልቻልንም። እናቴ «ውጡልኝ፣ ወለሉን ጨረሳችሁት» አለችን። እኔና አባቴ ሽቅብ ወደ እንጦጦ ወጣን።

ባህር ዛፉ ውስጥ ያለው መንገድ ገና ጭቃ ነበር። ቅጠል የተሸከሙ ሴቶች ከላይ ሲመጡ ጥጋችንን ይዘን እናሳልፋቸዋለን፤ ቆብ ያጠለቁ ብስክሌተኞች ደግሞ ከፓርኩ በኩል ብቅ ይሉና ይጠፋሉ። አባቴ ጎኑን እያመመውም ከእኔ ይፈጥናል። አንድ ቦታ ላይ እንዲያርፍ ብዬ ግንድ ላይ ተቀመጥኩ። እሱ አልተቀመጠም። ከፊቴ ወዲያ ወዲህ እያለ ተናገረ።

ጦር ሜዳ አብሮት አንድ የካራ ሰፈር ልጅ ነበር። ሁለቱ ውሃ ለመቅዳት ተራ ሲደርሳቸው ሁልጊዜ አብረው ይሄዳሉ፤ ልጁ ወሬ ይችላል፣ መንገዱን ያሳጥረዋል። ያን ቀን ጀሪካኑን ይዘው ከወንዝ ሲወጡ ሞርታሩ ወደቀ።

«እሱ በግራዬ ነበር» አለኝ። «በቀኜ ሲሄድ ቆይቶ፣ ጀሪካኑ ከበደኝ ብሎ እጅ ሲቀይር ጎንም ቀየረ። እሱ እዚያው ቀረ፤ ለእኔ የደረሰችኝ ከእሱ የተረፈችው ናት።»

ከታች ከተማዋ ትታየናለች፤ የግንባታ ክሬኖቹ በየአቅጣጫው ይዞራሉ።

«ታዲያ እንዳይወጣ የፈለግከው ለሱ ብለህ ነው?»

«ማውጣቱን አልፈራሁም። ካወጡት በኋላ የት አደርገዋለሁ?»

ቅጠል የተሸከመች አንዲት ሴት አልፋን እስክትሄድ ጠበቀ። ከዚያ ሌላም ነገር ነገረኝ። የልጁ እህት እዚያው ካራ ትኖራለች። አባቴ የካራን መስመር ብዙ ጊዜ ነድቷል፤ ከዓመታት በፊት አንድ ቀን እሷ ስትሳፈር አይቶ ደነገጠ። መልኳ ቁርጥ ወንድሟን ነው። ትኬት ቆራጩ በስሟ ሲጠራት ወንድሟ ሲያነሳው የነበረው ስም መሆኑን አረጋገጠ። ከዚያ በኋላ ስንትና ስንት ጊዜ ጎመንና ወተት ይዛ ከአውቶቡሱ ወጥታለች፣ ገብታለች።

«ነገርካት?»

«እየነዳሁ ምን ብዬ ልንገራት?»

«ስታወርዳትስ?»

«ከኋላ መኪና ይኖራል» አለኝ። መራመድ ጀመረና ተከተልኩት።

የሲቲው ውጤት ከጠበቅነው የተሻለ ነበር። ጉበቱ ላይ ያለው እብጠት አንድ ነው፣ ጠርዝ ላይ ነው፣ ሊቆረጥ ይችላል ተባለ። ቀዶ ጥገናው ቀን ተቆረጠለት። የዚያን ጠዋት እናቴ ነጠላዋን ተከናንባ መጠበቂያው ወንበር ላይ ከተቀመጠች በኋላ አልተንቀሳቀሰችም። እኔ ግቢውን እየዞርኩ ነበር፤ ከበሩ እስከ ጄኔሬተሩ፣ ከጄኔሬተሩ እስከ በሩ። ጥበቃው በመጨረሻ «እህቴ፣ ማንን ነው የምትፈልጊው?» አለኝ። ማንንም እንዳልሆነ ነገርኩት። ቀዶ ሐኪሙ ወጥቶ «ሙሉ በሙሉ ወጥቶልናል» ሲል እናቴ አለቀሰች፣ እኔ ደግሞ እግሬ ዝም ብሎ ወደ ደረጃው ሄደ። ከላብራቶሪ ምርመራው ካንሰር እንደነበረ፣ ነገር ግን ገና በጊዜው እንደተደረሰበት ታወቀ። ከዚያ ወዲህ በየጊዜው እየሄደ ይታያል፤ እስካሁን ደህና ነው።

እያገገመ ሳለ ስለ ሥራዬ ይጠይቀኝ ነበር። አልጋ ላይ መቀመጥ ስላስጠላው ወሬ ይፈልጋል። አንድ ቀን ስለ ብናኙ ትልቁን ችግራችንን ነገርኩት፦ ወደ ደም የተለቀቀውን ብናኝ ገና ወደምንፈልገው ቦታ ሳናደርሰው ጉበት ለቅሞ ይይዘዋል።

«ጉበት?» አለ።

«አዎ። ደም ውስጥ የማያውቀው ነገር ሲመጣ የሚይዘው እሱ ነው። ብረቱን ቀስ ብሎ ይፈታዋል፣ ሰውነት ደም ይሠራበታል።»

«ታዲያ እኔ ሳይነዱት የሚሄድበት ቦታ ላይ ነዋ የታመምኩት። ለእናትሽ ለምን እንዲህ አላልሻትም?»

«የሚይዘው ጤነኛው ጉበት ነው እንጂ እብጠቱ አይደለም፣ አባዬ። አስቸጋሪው እሱ ነው።»

«ያንቺ ብረት ደም ይሆናል፣ የኔ ግን ያው እንደገባ ነው» አለና ትራሱን አስተካከለ።

ላብራቶሪያችን ውስጥ ያንን ዓመት አንድ ነገር ለወጥኩ። እንግዳ ሲመጣ «ብረት ይዘዋል?» ብዬ አልጠይቅም። «ቆስለው ያውቃሉ? ወታደር ነበሩ? ብየዳ ሠርተው ያውቃሉ?» እላለሁ። መልሳቸው ላይ ዝምታ ካየሁ ሳጥኑን አልከፍትም። ጓደኛዬ መጀመሪያ ላይ እንደ ፖሊስ ምርመራ ነው ብሎ ይስቅብኝ ነበር፤ አንድ ጡረተኛ መምህር ከጉልበቱ ውስጥ ብረት እንዳለ ከነገረን በኋላ ግን ራሱም መጠየቅ ጀመረ።

አባቴ ስፌቱ ድኖ መራመድ ሲጀምር «ካራ ውሰጂኝ» አለኝ። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኩትም። በአውቶቡስ እንሂድ አለ። ኮተቤን አልፈን እስክንወርድ እጁን ጉልበቱ ላይ እያሻሸ ነበር።

ሰዎች ቤቷን አሳዩን። አዳዲስ ፎቆች እስከ አጥሯ ጥግ መጥተዋል፤ እሷ ግን ጎመኗንና አንዲት ላሟን ይዛ አለች። ሽበቷ በሻሽዋ ዳር ወጥቷል። አባቴን እንዳየች ዓይኗን ጠበብ አደረገች።

«የአውቶቡሱ ሹፌር» አለች። «እርስዎ አይደሉም?»

«ነኝ።»

«ሁልጊዜ በመስታወቱ ያዩኝ ነበር። ምን ሰርቄዎት ይሆን እል ነበር።»

አባቴ ኮፍያውን አወለቀ። በደጃፉ እንደቆመ የወንድሟን ስም ጠራ። የያዘችው ጎመን ከእጇ ወደቀ። ከዚያ ነገራት፤ ለእኔ እንጦጦ ላይ ከነገረኝ ባነሰ ቃል፣ ግን አንድም ሳያስቀር። እኔ ከላሟ አጠገብ ቆሜ መሬት መሬት አያለሁ። ወጥቼ መንገዱ ላይ ብራመድ ደስ ባለኝ፤ ግን አልቻልኩም።

ሴትየዋ ሰምታ ስትጨርስ የጠየቀችው እኔ ያልጠበቅኩትን ነበር።

«ውሃ ልትቀዱ ስትሄዱ ነበር ወይስ ቀድታችሁ ስትመለሱ?»

«ስንመለስ።»

«ጠጥቶ ነበራ?»

«ጠጥቷል» አለ አባቴ። «ፊቱንም ታጥቧል። እኔ ላይ ረጭቶብኝ ስቆ ነበር።»

አሁን ነው ያለቀሰችው። ድምፅ አልነበረውም። ትንሽ ቆይታ ፊቷን በሻሽዋ ጫፍ ጠረገችና «እናታችን ውሃ በጠጣች ቁጥር ጠምቶት ይሆናል የሞተው ስትል ነው የሞተችው» አለች። ከዚያ ወደ ውስጥ አስገባችን። እርጎ አቀረበችልን። ስለ ሌላ ነገር አወራን፤ ስለ መሬቷ፣ ፎቆቹ ጥላቸውን ስላጠሉበት ጎመን፣ አውቶቡሱ ማቆሚያውን ቀይሮ ምን ያህል እንደምትራመድ። አባቴ የድሮው ማቆሚያ የተሻለ እንደነበር በዝርዝር አስረዳት። እሷም በዚህ ከእሱ ጋር ተስማማች።

ስንወጣ እስከ ዋናው መንገድ ሸኘችን። ለእናቴ ብላ የሰጠችንን ጎመን አባቴ በቀኝ ብብቱ ይዞታል። እኔን «አንቺ ምን ትሠሪያለሽ ልጄ?» አለችኝ። ለሐኪም ቤት የሚጠቅም ነገር በብረት ልሠራ እንደምሞክር ነገርኳት።

«ተሳካልሽ?»

«ገና ነው።»

«ይሁን፣ ቀጥይ» አለችኝና ተመለሰች። አውቶቡሱ ሲመጣ አባቴ በፊት በር ተሳፈረ፤ ለሹፌሩ እንደ ባልደረባ ሰላምታ ሰጠና ከኋላው ቆመ። እሁድ እናቴን ይዘን ብንመለስ ምን እንደሚመስለኝ ጠየቀኝ። ጥሩ ነው አልኩት።